የአባቴ ሂሉክስ፦ የስድስት ወር የቀለም ሥራ

ሮዝ መስሎ የነበረው ኮፈን ዛሬ ቀይ ነው። መኪናው በፈረንጆች 1989 የተሠራ የአባቴ ቶዮታ ሂሉክስ ነው። ያየው ሁሉ «ወስደህ አስቀባው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የፋብሪካ ቀለሙን ማዳን ፈለግሁ። ፋብሪካ ባዶውን ላሜራ ቀብቶ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ያደርቀዋል። ጎማውና ፕላስቲኩ የተገጠመለትን መኪና ግን ማንም ጋራዥ በዚያ ሙቀት ሊያደርቀው አይችልም።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት እጥበቱን ነው። ላቫጆ ቤት በኦሞ ነበር የሚያጥቡት። ኦሞ ደግሞ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል። አሁን በመኪና ሻምፖ፣ በሁለት ባልዲ ራሴ አጥባለሁ።

ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ ላይ ፖሊሽ አድርጌ አንድ ጥግ አሸሁ። ጨርቁ ቀላ። ከላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍን ብርሃን አሳላፊ ልባስ፣ የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀለም ሲያረጅ ላዩ ዱቄት ይሆናል፤ ከሥር ግን ደህናው ቀለም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ለቀለም ከባድ ናት። ኮፈኑና ጣሪያው ከበሮቹ ቀድመው የደበዘዙትም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው ነው።

ዘይት የበዛበት ፖሊሽ ቀብቼ አሳደርኩት። በማግስቱ በእጄ አሸሁት። ማሽን አልተጠቀምኩም። የፋብሪካ ቀለም ከሥሩ ከተቀባው መነሻ ቀለም ጋር ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ በታሸ ቁጥር ይቀንሳል። ጠርዝ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል፤ እዚያ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት።

አሁን ወደ ስህተቴ። ለጭረቶቹ የሚሆነውን ቀለም ፖሊሽ ሳላደርግ በፊት አስበጠበጥኩ። ባለሙያው የደበዘዘውን ኮፈን አይቶ በዓይኑ አመሳሰለው። ያን ቀን ልክ ነበር። ከፖሊሹ በኋላ ግን የነካካሁት ቦታ ሁሉ ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። ሁሉንም ፍቄ አነሳሁ። ፖሊሹ ይቅደም፣ ቀለሙ ይከተል። የቀለሙ መለያ ኮድ ኤንጅን ክፍል ውስጥ ካለችው የብረት ሰሌዳ ላይ፣ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ጎን ይገኛል። የኔው 3ኢ5 (3E5) ይላል። ኮዱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አሁን ካለው ቀለም ጋር አስተያዩት። እኔ ፖሊሽ ያደረግኩትን የነዳጅ ክዳን ፈትቼ ይዤ ሄድኩ።

ጠጠር የፈነቀለው ቦታ ላይ መጀመሪያ ዝገቱን ፈቅፍቄ ፀረ ዝገት ቀባሁ። ከዚያ ቀለሙን በስቴኪኒ ጫፍ እየነካሁ ሞላሁት። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተደረገ ሲደርቅ ይሰረጉዳል። አራት ጊዜ በስሱ፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እየጠበቅሁ። ከሳምንት በኋላ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አስተካክዬ ፖሊሽ አደረግኩት። በመጨረሻ ሰም።

የቀረኝ የጣሪያው ውኃ መውረጃ ነው። የላሜራውን መገጣጠሚያ የደፈነው ማስቲሽ ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ዝገት ጀምሯል። ክረምት ሳይገባ መድረስ አለብኝ። ቀለሙን ሳይጭር አሮጌ ማስቲሽ ያነሳ ካለ፣ በምን እንዳነሳው ይንገረኝ።