ሳልመታ የበለዘ ቆዳ

መጀመሪያ ያየኋት ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ነው። ጨረር በተሰጠው ጡቴ ላይ፣ ከቀዶ ጥገናው ጠባሳ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የክብሪት ራስ የምታህል ቀላ ያለች እብጠት። ትንኝ ነክሶኝ ይሆናል ብዬ ተውኳት። ጨረሩን ከጨረስኩ 5 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካንሰር የሚባለውን ነገር ከሐሳቤ ማውጣት የጀመርኩበት ሰሞን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሆኑ። አጠገባቸው ደግሞ የበለዘ የሚመስል ጥላ ወጣ። ማን መታኝ? የት ተጋጨሁ? ምንም ትዝ አይለኝም።

መጀመሪያ ያዩኝ ሐኪም ቶሎ «አለርጂ ነው» አሉና ቅባት ጻፉልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። መስማት የፈለግሁት እሱን ነበር። 6 ሳምንት ቀባሁ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። እሳቸው ጨረር ወስደሽ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ያ 6 ሳምንት እስካሁን ይቆጨኛል።

የጠቀመኝ ፎቶው ነው። በየእሑዱ እዚያው መስኮት ጋ ቆሜ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ይዤ አነሳለሁ። በመስታወት ሳያት «ያው ናት» የምላት እብጠት፣ ከመጀመሪያው ፎቶ ጎን ሳስቀምጣት ከ3 ሚሊ ሜትር ወደ 5 አድጋለች።

ፎቶዎቹን ይዤ የካንሰር ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። በጣታቸው ጫን አድርገው አዩኝ። ጨረር ባረፈበት ቆዳ ላይ ቀጫጭን የደም ስሮች ሰፍተው እንደ ሸረሪት ድር መታየታቸው የተለመደ ነው አሉኝ። ቴላንጂኤክታዚያ ይባላል። ሲጫኑት ይጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ጉዳት የለውም፤ መልኩ ካስጠላ በሌዘር ማደብዘዝ ይቻላል። የእኔዎቹ ግን ከቆዳው ከፍ ብለዋል፣ ያ የበለዘ ጥላም አላማራቸውም።

ሊሆን የሚችለውን ሳይደብቁ ነገሩኝ። አንደኛው ኤቪኤል የሚሉት ነው፤ ከጨረር በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሚመጣ፣ ያልተለመደ የደም ወይም የሊምፍ ስር እድገት። ካንሰር አይደለም። ሁለተኛው አንጂዮሳርኮማ፣ የደም ወይም የሊምፍ ስር ካንሰር ነው። ብርቅ በሽታ ነው፤ ጨረር ከወሰዱ ሴቶች በጣም ጥቂቶቹን ብቻ ይይዛል። ሲይዝ ግን ኃይለኛ ነው፤ ሲጀምር ደግሞ ልክ እንደ ብልዝ ይመስላል። በዓይን መለየት አይቻልም። ያን ማታ እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም።

ስለ ባዮፕሲው፣ ማለትም ለምርመራ ስለሚቆረጠው ናሙና፣ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ በመጠየቄ እስከዛሬ ደስ ይለኛል። «ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይበቃል?» አልኩ። ትንሽ ናሙና ሊያሳስት ይችላል አሉኝ፤ የአንጂዮሳርኮማ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ቆዳ በማይክሮስኮፕ ኤቪኤል ሊመስል ይችላልና። ስለዚህ እብጠቶቹ ሙሉ በሙሉ ወጡ፤ ከበለዘውም ቦታ ተወሰደ። እኔ በበኩሌ ከጨረር ክፍሉ ማስረጃ አስወጣሁ፦ 25 ጊዜ፣ በድምሩ 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)። ከናሙናው ጋር በሚላከው ወረቀት ላይ እንዲጻፍልኝ ለመንኩ። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ ቆዳው ጨረር ያገኘው መሆኑን ካላወቁ ሌላ ነገር ሊመስላቸው ይችላል።

ሚክ የሚባለውን ጂን የሚያይ ምርመራም ተጨመረ። ከጨረር በኋላ በሚመጣው አንጂዮሳርኮማ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጂን ተባዝቶ ይገኛል፤ በኤቪኤል ግን አይታይም። የእኔ ኔጌቲቭ ወጣ። ኤቪኤል ነው ተባልኩ። ስልኩን ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። አንዷ እብጠት ስትወጣ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ስላልነበረ፣ ማለትም ኤቪኤሉ እስከ ጠርዙ ደርሶ ስለተገኘ፣ ደግመው ቆረጡ። ሁለተኛው ቁስል ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸገረኝ፤ ጨረር ያገኘ ቆዳ ሲድን ቀስ እያለ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ወደ ሥራ ለመመለስ ያን ያህል አልቸኩልም ነበር።

አሁን በየ4 ወሩ እታያለሁ። ማሞግራሙም (የጡት ራጅ) አልቀረም፤ ግን ማሞግራም እንዲህ ያለውን የቆዳ ነገር ላያሳይ ስለሚችል እሱን ተማምኜ አልቀመጥም። የእሑድ ፎቶዬንም አልተውኩም። ባለፈው እሑድ ከብብቴ በታች አንዲት አዲስ ታየችኝ፣ 2 ሚሊ ሜትር። ስጫናት አልጠፋችም። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ።