ከሌሊት ወደ ንጋት፦ የፎሬ ልምምዴ እስካሁን

ሰሞኑን ኳየራችን የያዘው የፈረንሳዊውን የዜማ ደራሲ የገብርኤል ፎሬን «ካንቲክ ደ ዣን ራሲን» (የዣን ራሲን መዝሙር) ነው። ፎሬ ዜማውን ሲደርስ ገና የ19 ዓመት ልጅ፣ ፓሪስ የኒደርሜየር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ በ1865 እ.ኤ.አ. በድርሰት አንደኛ ወጥቶበታል። ግጥሙ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራሲን ሲሆን መነሻው የላቲን የሌሊት ጸሎት ነው። ዘማሪዎቹ ጨለማው ሳይገፍ «የሰላማዊውን ሌሊት ዝምታ እንሰብራለን» ይላሉ፤ የሚማጸኑትንም «የምድርና የሰማይ ዘላለማዊ ቀን» ብለው ይጠሩታል። ማሕሌት ቆሞ ላደረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እኔ ቤዝ (ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) ነኝ፤ መግቢያው የእኛ ነው። ፒያኖው ሦስት ሦስት ኖታ እያደረገ ይፈስሳል፣ ቤዝ ይገባል፣ ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ ቴነር ይከተላል፣ ከዚያ ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ አልቶ፣ በመጨረሻ ከሁሉም ከፍ ያለው ሶፕራኖ። ንጋቱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ማንም መጮህ ሳያስፈልገው፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደረብ ዜማው ራሱ እየፈካ ይሄዳል። ቤዝ ገና ሲጀምር ጉልበቱን ካወጣ ግን ለሶፕራኖ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ አሁን የምሠራው ለስለስ ብሎ መግባትና ሌሎቹ እስኪደርሱ ድምፁን ሳይወርድ መያዝ ላይ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ትንፋሽ ይጨርሳል።

ፈረንሳይኛውስ? ሌሊት የምትለዋን ቃል «ንዊ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ከንፈር «ኡ» ለማለት ይሾጥጣል፣ ምላስ ግን «ኢ» ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ከንፈሩ ብቻ ይለቀቃል። መስታወት ፊት ሞክሩት፣ ያስቃል። ዝምታ የምትለዋ ደግሞ ሲያወሩ «ሲላንስ» ናት፤ ስትዘመር መጨረሻዋ ይሰማል፦ «ሲ-ላን-ሰ»። ለዚህኛው ፊደል የቆጠረ ሰው ብዙ አይቸገርም።

ለጆሮ ያህል የሌላውን ፈረንሳዊ የዜማ ደራሲ የራቬልን «ዳፍኒስ ኤ ክሎዬ» እየሰማሁ ነው፤ በ1912 እ.ኤ.አ. የታየ የባሌት ዳንስ ነው። ንጋቱን በሚያሳየው ክፍል መዘምራኑ አንድም ቃል ሳይኖራቸው ከኦርኬስትራው ጋር ያድጋሉ። የባሌት ቡድኑ መሪ ዲያጊሌቭ በ1914 ለንደን ላይ ያለ መዘምራን ሲያቀርበው ራቬል በጋዜጣ ተቃውሞታል። እኔም ከራቬል ጋር ነኝ፤ ያለ እነሱ ጎዶሎ ነው።

ቀጣያችን የሊሊ ቡላንዤ «ኢምን ኦ ሶሌይ» (መዝሙር ለፀሐይ) ነው። እሱ መንጋትን አይጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ኮርድ (በአንድ ላይ ከሚሰሙት ኖታዎች) ጀምሮ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ድምፁም ከዚያው ሙሉ ነው። ቴነሮቻችን ኖታውን አይተው ከአሁኑ ማጉረምረም ጀምረዋል።