ሁለት የዳውንሎድ ቁልፎች

ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ቢሮ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። የሒሳብ ሠራተኛችን፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ከባንክ በፒዲኤፍ የመጣ ስቴትመንት ወደ ኤክሴል መቀየር ፈለጉ። ኢንተርኔት ላይ ፈልገው አንድ ገጽ ከፈቱ። መሃሉ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ተጫኑት። የወረደውንም ከፈቱት።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ቶሎ ና። አንድ ነገር ሳላበላሽ አልቀረሁም።»

ስደርስ ስክሪኑ በማስታወቂያ ተጥለቅልቋል። አንዱን ስዘጋ ሁለት ይከፈታል። ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት» የሚል ጽሑፍ ብቅ ጥልቅ ይላል። መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ነቀልኩ። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር የኢሜይላቸውንና የባንክ ፓስወርዶቹን ቀየርን። ማሽኑን ፎርማት አደረግሁት። ባክአፑ የሁለት ቀን ሥራ ይጎድለው ነበር። እትዬ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው እንደገና አስገቡት።

ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲሉኝ ዋሉ። ገጹን በኋላ አየሁት። እውነተኛው ቁልፍ ከታች ነው፤ ግራጫ፣ ዓይን የማይገባ። አረንጓዴው ማስታወቂያ ነበር። ማንም ይጫነዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለዓመታት አንቲቫይረስ ሳድስ ኖሬ ማስታወቂያ ማገድን የምቾት ጉዳይ አድርጌው ነበር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ማስታወቂያ ማገጃ እንዲጠቀሙ መክሯል፤ አጭበርባሪዎች የታወቁ ድርጅቶችን መስለው በማስታወቂያ ስለሚመጡ።

ማስታወቂያ ለማገድ የሚመች ብራውዘር መምረጥ ጀመርኩ። ክሮም የኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ደንቡን ስለቀየረ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ ሙሉው እዚያ አይሠራም፤ ያለው ቀለል ያለው «ላይት» ነው። ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው አለ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ጭምር። ፋየርፎክስ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ (ገጹ እኛን ለማስታወስ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠውን ትንሽ መረጃ) ለብቻው ስለሚያስቀምጥም ከገጽ ገጽ እየተከተሉ የሚሰልሉን ይቸገራሉ። ብሬቭ የሚባለው ብራውዘር ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት ራሱ ያግዳል። የተሠራው ክሮም በተሠራበት መሠረት ላይ ስለሆነ ክሮም ለለመደ ሰው አይከብድም።

የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ፋየርፎክስና ዩብሎክ ኦሪጅን ጫንኩ። አይፎን ለያዙት ብሬቭን፤ እዚያ ፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። አንድ የክፍያ ገጽ አልከፈት ብሎን ነበር። ለእሱ ብቻ ዩብሎክን ማጥፋት በቂ ሆነ፤ እትዬ አሁን ራሳቸው ያደርጉታል።

ያንን ገጽ አብረን እንደገና ከፈትነው። ግራጫው ቁልፍ ብቻውን ቆሟል። መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ።

«ያኛውስ የት ሄደ?»

«ማስታወቂያ ነበር እኮ እትዬ። ታገደ።»

ዝም ብለው ቆዩ። «ታዲያ ይሄ ነገር ካለ፣ ያኔ ለምን አልጫንክልኝም?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አልኳቸው።