የሰኔ ወር ሒሳብ

ሰኔ በእኛ ቤት ከባድ ወር ነው። አዲስ አበባ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ለቀጣዩ ዓመት ምዝገባ የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሚያሳውቀው፣ ምንጃር ላይ ደግሞ ገበሬው ለማዳበሪያና ለዘር የሚሯሯጠው በዚሁ ሰሞን ነው። የአማቶቼ ጎተራ የሚሞላው ከመኸር በኋላ ስለሆነ ክረምቱ ሲቃረብ እጃቸው ባዶ ይሆናል። የእኛ ደመወዝ ደግሞ ወር ጠብቆ ይመጣል እንጂ ለክረምት ብሎ አይጨምርም። ሁለቱ ጭንቀቶች አንድ ኪስ ላይ ይገናኙና ጠቡ የባልና የሚስት ይሆናል።

ባለቤቴ የምንጃር ገበሬ ልጅ ነው። ከእናቱ ልጆች መካከል ተምሮ ደመወዝተኛ ለመሆን የበቃው እርሱ ብቻ ነው። ኮሌጅ ሲገባ አባቱ ወይፈን ሸጠውለታል፤ ታናሽ ወንድሙ ትምህርቱን አቋርጦ እርሻው ላይ የቀረውም በዚያው ሰሞን ነው። ይህን እርሱ ራሱ ነግሮኝ አያውቅም። የሰማሁት ከአማቴ ነው፤ ቡና እየቆሉ፣ ቀና ሳይሉ ነበር የነገሩኝ። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ባለቤቴ የሚሰማው የዚያን ወይፈን ዕዳ ነው።

እኔ ያደግኩት በሌላ ዓይነት ቤት ነው። እናቴ ጉሊት ተቀምጣ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። የዕለት እቁብ ነበረባት። ማታ ስትገባ መጀመሪያ መቀነቷን ፈትታ የእቁቡን ትለያለች፤ የእራት ነገር የሚታሰበው ከተረፈው ላይ ነው። እርሷ ብታጎድል ዋስ የሆኑት ጎረቤታችን ይጠየቁ ስለነበር አንድም ቀን አላጎደለችም። እቁቡ ሌላም ጥቅም ነበረው። ዘመድ ገንዘብ ሲጠይቃት «እቁብ አለብኝ» ትላለች፣ ማንም አይቀየማትም። «የለኝም» ብትል ይጠረጥሯታል፣ «አልሰጥም» ብትል ይኮራረፋሉ፤ እቁብ ግን የሰው ገንዘብ ስለሆነ ሁሉም ያከብረዋል። ከእናቴ የወረስኩት ይህን ጥንቃቄ ነው። ከቤት ኪራይ ቀን በፊት ገንዘብ ከእጄ ሲወጣ እስከ ዛሬ ሆዴ ይረበሻል።

እንግዲህ መስጠት ክብሩ የሆነ ሰውና ማስቀመጥ ደኅንነቷ የሆነ ሴት ተጋቡ። ሳንጋባ ስለ ልጅ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሥራ ብዙ አውርተናል። ደመወዛችን ለማን ለማን እንደሚከፋፈል ግን አላነሣንም፤ ነውር ይመስላል። ሽማግሌ ሲላክም የልጁ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ጠባዩ ይጠየቃል፣ «ለስንት ሰው ይረዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም። ብጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን እላለሁ።

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው ከባንክ በመጣች አጭር መልእክት ነው። ስልኩ ኃይል ለመሙላት ተሰክቶ አጠገቤ ነበር፤ ብልጭ ሲል ዓይኔ አረፈበት። ለወንድሙ የተላከ ገንዘብ ነው። መጠኑ አላስደነገጠኝም፤ ቢያማክረኝ እሺ የምለው ነበር። ያመመኝ መደበቁ ነው። እርሱ ደግሞ የደበቀው እምቢ ትለኛለች ብሎ ሰግቶ ነው። ያን ሰሞን በሥራ ቦታዬ ከሴቶች ጋር ስናወራ፣ ባሎቻቸው የማያውቁት እቁብ የሚጥሉ ብዙ መሆናቸውን ሰማሁ። ወንዱ ለወገኑ በድብቅ ይልካል፣ ሴቷ በድብቅ ትቆጥባለች፣ ሁለቱም የሚሸሹት መከልከልን ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ፣ በአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች እንዲህ መፈራራታቸው በእውነት ያሳዝነኛል።

ሕጉ ስለዚህ ምን እንደሚል ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት ነው ይላል። አንቀጽ 68 ደግሞ ከጋራው ላይ ከ100 ብር በላይ በስጦታ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለማበደር፣ ለዚያን ያህል የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆንም የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። አንቀጹን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ደግመሽ አንብቢው አለኝ። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ሰው ቆም ብሎ የሚያስብበት ገንዘብ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ በእርሱ የአስቤዛ ዘንቢል መሙላት ሕልም ሆኗል። ቁጥሩ ቢያረጅም ሐሳቡን ወደድነው፣ የራሳችንን ቁጥርም አወጣን። ከቁጥሩ በታች ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ከእርሱ በላይ የሆነ ገንዘብ ሁለታችን ሳንሰማ አይወጣም። የታችኛው ነፃነት ከላይኛው ገደብ እኩል ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ሰው ለእናቱ ነጠላ ለመግዛት ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

ከዚያ ደብተሩ መጣ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ተራ ደብተር ነው፣ ማቀዝቀዣው ላይ ይቀመጣል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ እድር፣ እቁብ እያልን አሰመርን፤ በመጨረሻ «የአገር ቤት» የሚል ዓምድ ጨመርን። የእናቴ የመድኃኒት ወጪም እዚያው ይገባል። በየወሩ ለዚህ ዓምድ የሚለየው ገንዘብ ከታወቀ ወዲህ ባለቤቴ ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ወጥቶ ማናገር ትቷል። እኔም «ከማን ነው?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ።

ጥር ላይ ከምንጃር አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ መጣልን፣ ቅቤም አብሮ። ባለቤቴ ደብተሩን አውርዶ «ይህስ አይጻፍም?» አለኝ። የዕለቱን የገበያ ዋጋ ጠይቀን በዚያው ዓምድ ጻፍነው። ዓመቱን ሙሉ ወጪ ብቻ ይመስል የነበረው መስመር ገቢም ኖሮታል። አማቴ ጤፉን ሲልኩ ዋጋ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መጻፋችንን ቢሰሙም ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ስለዚህ አንነግራቸውም። በእኛ መካከል ግን «የሚወስዱት እነርሱ፣ የምንሰጠው እኛ» የሚለው ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነሣም።

መጨቃጨቅ ቀረ ማለቴ አይደለም። ጊዜውን ነው የለየነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲንገላታ ውሎ የገባ ሰው በር ላይ ስለ ገንዘብ አይጠየቅም። ደብተሩ የሚወርደው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ተፈልቶ ነው። እርሱ እኔን በስስት አያነሣኝም፣ እኔ «ወገኖችህ» ብዬ አልጀምርም። ሁለቱ ከተነሡ ሒሳቡ ይረሳና የአስተዳደግ ፍርድ ቤት ይከፈታል።

አንዲት ዘመዴ በዚሁ ጉዳይ ከባሏ ጋር ተጣልታ ሽማግሌዎች ገብተው ነበር፤ እኔም ነበርኩ። እርሷን «ቻይው፣ የልጆችሽ አባት ነው» አሏት። እርሱን «ሚስትህን አክብር» አሉት። ተሳሳሙ፣ ታረቁ፣ ተመረቁ። ማን ምን እንደሚያገኝና ለማን እንደሚልክ የጠየቀ አልነበረም። ሽምግልናችንን አከብራለሁ፤ ያተረፈው ትዳር ብዙ ነው። ነገር ግን ወሩ ሲደርስ ደመወዝ ገባ፣ ከአገር ቤት ተደወለ፣ ጠቡም ካቆመበት ቀጠለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ ወረቀትና እስክሪብቶ ቢያስመጣ ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ወንድሙ ከማዳበሪያው ሌላ የውኃ ፓምፕ መግዣ ጠይቋል። ማዳበሪያው ከዓምዱ ይወጣል፣ እርሱ ላይ አልተከራከርንም። ፓምፑ ግን ከቁጥራችን እጅግ ይበልጣል። እኔ ብድር ይሁን አልኩ። ባለቤቴ «ወንድሜን እንዴት አበድረዋለሁ? እርሱ እርሻ ላይ ሲቀርልኝ መቼ ትመልስልኛለህ አላለኝም» አለ። መልስ አጣሁ። በመጨረሻ ለምን ራሱን አንጠይቀውም ተባባልንና ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ደወልን። «ወንድም ጋሼ፣ ግማሹን ከእናንተ፣ ግማሹን በጥር በጤፍ እከፍላለሁ» አለ፣ ምንም ሳይቀየም። ባለቤቴ እፎይ ብሎ ተስማማ። አሁን ያልተስማማሁት እኔ ነኝ። ያን ያህል ጤፍ ከጎተራቸው ወጥቶ የእርሱ ልጆች እስከ ቀጣዩ መኸር ምን ይበላሉ? ክፍያው ወደ ሁለት ዓመት እንዲረዝም እሑድ ልጠይቅ አስቤያለሁ።