ሦስት ጊዜ የቀባሁት ግድግዳ

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ብርዱን ያማል። እኔ የማማው ግድግዳ ነበር።

የእማዬ መኝታ ክፍል ግድግዳ ነው፣ በጓሮው በኩል ያለው። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ወገቤ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሐምሌ ላይ ቀለሙ ይነፋል፣ መስከረም ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። የአባዬ ፎቶ የተሰቀለው እዚያ ላይ ነበር። አንድ ቀን አቧራውን ልጠርግ ሳወርደው ከጀርባው ያለው ካርቶን አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ፎቶውም ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ቀስ ብዬ ላላቅቀው ስሞክር የአባዬ ግራ ትከሻ መስታወቱ ላይ ቀረ። እማዬ አየችው፣ ምንም አላለችም። የምሬን የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቤቱን ያሠሩት አያቴ ናቸው፣ በ1950ዎቹ። ጥቁር ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ነው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ ልጆች ሆነን መስኮቱ ላይ ወጥተን ተቀምጠን እናጠና ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ፕላስቲክ ቀለም ቀባሁ። አንድ ክረምት አልቆየም። ቀጥሎ "ዘይት ቀለም ውሃ አያሳልፍም" አሉኝና እሱን ቀባሁ። እውነትም አያሳልፍም፤ ውሃውን ከኋላው አጠራቅሞ እንደ ቃጠሎ ቁስል አበጠ። በሦስተኛው ፍቄ፣ በጀሶ ደፍኜ፣ እንደገና ቀባሁ። ክረምቱ ሳይጋመስ ጀሶው እንደ አይብ በጣት የሚዛቅ ሆነ። አንድ ማታ ደግሞ "ላድርቀው" ብዬ በሩንና መስኮቱን ዘግቼ ከሰል አቀጣጠልኩ። ግድግዳው ምንም አልሆነም፣ እኔ ግን ራሴን ይዞኝ ተንገዳገድኩ። እማዬ ናት ጎትታ ያወጣችኝ። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። እባካችሁ ይህንን አትሞክሩት።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የፌስታል ዘዴ ነገረኝ። ፌስታል ቀድዶ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በእስኮች መለጠፍ፣ ሁለት ሦስት ቀን መተው ነው። ውሃው በክፍሉ በኩል ፌስታሉ ላይ ጠብታ ሆኖ ከታየ የቤቱ እስትንፋስ ነው፤ የሰው ትንፋሽ፣ የምግብ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ ቀዝቃዛ ግድግዳ አግኝቶ ነው። መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ነው። ከፌስታሉ ጀርባ ካረጠበ ግን ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። እስኮቹ እርጥብ ግድግዳ ላይ አልይዝ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ጠብታው ከጀርባ ነበር። እስከዚያ ድረስ እማዬን "መስኮት ዘግተሽ ነው" እያልኩ ስጨቀጭቃት መክረሜ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ከዚያ ግንበኛ ጠራሁ። ከመንዝ የመጡ አዛውንት ናቸው። ገብተው ግድግዳውን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። እዚያ ምን አለ? እማዬ የደረደረችው ኩበት። ከሥሩ የስንት ዓመት አመድ። ከጎኑ በጎቹ የሚታሰሩበት ካስማ። ከላይ ጫፉ ዝጎ የተቀደደ አሸንዳ፣ የቆርቆሮውን ውሃ በሙሉ እዚያው ላይ የሚያወርድ። ሰውዬው በእጃቸው ለኩት። ውጭ ያለው መሬት ከቤቱ ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል።

"ልጄ፣ ግድግዳው አልታመመም" አሉኝ። "እግሩን ውሃ ውስጥ ነክራችሁት ነው።"

ቀጥለው የልስኑን ዘመን ጠየቁ። እዚህ ላይ ነው ያቀረቀርኩት። በ2009 ዓ.ም እኔና ወንድሜ ብር አዋጥተን የእማዬን ቤት በሲሚንቶ አስለሰንነው፣ ከውስጥም ከውጭም። ጎረቤት ሁሉ መረቀን። ከዚያ በፊት እማዬ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ በጭቃና በእበት ትለቀልቀው ነበር፤ እኛ ከዚያ ልፋት ገላገልናት ብለን ነው። ለካ የጭቃ ልስን ይተነፍሳል። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ትንሽ ወጣ ይልና በልስኑ በኩል ተንኖ ይሄዳል። ሲሚንቶ ሲደፍነው መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህ ነው በእማዬ ዘመን ቁርጭምጭሚት ያላለፈው እርጥበት በእኛ ዘመን ወገብ የደረሰው።

ሥራውን ኅዳር ላይ ጀመርን፣ ዝናቡ ሲያቆም። እኔና ወንድሜ በዶማና በአካፋ ሦስት ቀን ቆፈርን። አመዱና አፈሩ ተነስቶ መሬቱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ አለ። ወንድሜ ጉልበቱን ሊያሳይ ወደ ታች ሲቀጥል ሽማግሌው ጮኹበት፤ መሠረቱ ከተራቆተ ቤቱ ይሰነጠቃል። ቦይ አወጣን፣ ጠጠር ሞላንበት፣ ወደ ጎመኑ መደብ አዘነበልነው። አሸንዳው ተቀየረ። ሲሚንቶው በመሮ ሲነሳ በሰፌድ በሰፌድ ወረደ፤ ከኋላው ያለው ጭቃ በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ይህን ያህል የወፈረ ግድግዳ በሳምንት አይደርቅም። እስከ ግንቦት ድንጋዩ ተራቁቶ ከረመ። እማዬ እንግዳ ሲመጣ አንሶላ ትጋርድበት ነበር።

ጥር ላይ ድንጋዩና ጭቃው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በቀለ። እኔ ደንግጬ በውሃ አጠብኩት። ሽማግሌው መጥተው በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱት። "ጨው ነው። አሁን መልሰሽ አጠጣሽው።" ከአመዱና ከበጎቹ ሽንት ለዓመታት የገባ ጨው ነው፤ ግድግዳው ሲደርቅ ወደ ላይ ይወጣል። በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ፣ ሰብስቦ፣ ከቤት አርቆ መጣል ነው። ካልተነሳ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዝናብ ባይነካውም ግድግዳው ያልበዋል። ስድስት ጊዜ ጠረግሁ።

ለልስኑ ጭቃ አስቦካን። እዚህ ደጋው ላይ የሚታጨደው ገብስና ባቄላ ነው፤ የጤፉን ጭድ ከምንጃር በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና አመጣልን። ሲረገጥ፣ ሲገላበጥ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ሽታው ለጎረቤትም ተረፈ። ከለሰንነው በኋላ በኖራ ቀባነው። ኖራ ስትቀቡ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ እኔ አንድ ቀን ሙሉ አለቀስኩ።

ያለፈው ክረምት የመጀመሪያው ፈተና ነበር። እርጥበቱ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። በጎቹ ይታሰሩበት በነበረው ጥግ ብቻ ነሐሴ ላይ አንድ ሰሃን የሚያህል ጥላ ታየ፣ ጥቅምት ላይ ጠፋ። የአባዬን ፎቶ እንደገና አሳጥበን መልሰን ሰቀልነው፤ አሁን ግን ጥግና ጥጉ ላይ ቡሽ ለጥፌ ከግድግዳው ትንሽ አራቅሁት።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ጓሮ ናት። ኩበቱን ግድግዳውን አስደግፋ ሦስት ድርድር አድርሳለች።

"እማዬ!" አልኳት።

"ታዲያ የት ላድርገው? ዝናብ ይምታው?"

ቦርሳዬን አስቀምጬ ኩበቱን ወደ አጥሩ ማመላለስ ጀመርኩ። ዛሬ አሮጌ ቆርቆሮ ፈልጌ እዚያው ዳስ ልሠራላት ነው።