ጥርት ያለ ውሃ
ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ መጣያው ዙሪያ ካሉት የከርሰ ምድር ውሃ መከታተያ ጉድጓዶች ናሙና ስንወስድ ዋልን። ሰው ዝም ብሎ ቀድቶ መሄድ ይመስለዋል እንጂ መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ቆሞ የከረመውን ውሃ በፓምፕ እናወጣና ፒኤቹ (የአሲድነቱ መጠን)፣ ሙቀቱና ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፣ የሟሟ ጨው ሲበዛ ከፍ የሚለው) መዋዠቁን እስኪያቆም ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ውሃው ወደ ቆሻሻው ከሚመጣበት በኩል ያለው ጉድጓድ ደህና ነበር። በስሩ አልፎ ከሚወርድበት በኩል ያለው ግን ኩልል ያለ ነው፣ ሽታም የለው፣ ሜትሩ ላይ ያለው ኮንዳክቲቪቲ ግን ካለፈው ዙር ወደ ላይ ወጥቷል፣ ልቤ ድንግጥ አለ። አንድ ንባብ ብቻውን ተበክሏል አያስብልም፣ የክሎራይድና የአሞኒያው ውጤት ከላቦራቶሪ ይምጣ (ክሎራይድን አፈሩ ብዙም ስለማይዘው ከቆሻሻው የሚሰርገው ፍሳሽ ሲደርስ ቀድመው ከሚታዩት አንዱ ነው)። ጠርሙሶቹን በረዶ ውስጥ ከትቼ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ከዛ ወዲያ ጉድጓድ ቆፍረው ስለሚጠጡት ሰዎች ነው፣ እንዲህ ጥርት ያለ ውሃ አይተው በምን ይጠርጥሩት?