የእቁብ ብር እና የቲያትር ሥራ

ለንደን ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ይህቺን ጥያቄ ያውቃታል። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ “ልጅሽ ምን ተማረችልሽ?” ይባላል። ነርሲንግ ወይም አካውንቲንግ ካልሽ ይመረቅልሻል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔ “የቲያትር መድረክ ዲዛይን” ስል ጸጥ ይላል። አንድ እናት ብቻ፣ “ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን ቤት ኪራይ ይከፍላል?” አሉኝ።

ብዙ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ነገር ኋላቀርነት ይሉታል። እኔ አልልም። እትዬ ለንደንን ከእኔ በፊት ያወቁ ሰው ናቸው፤ የጠየቁት የሒሳብ ጥያቄ ነው።

ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። ዲዛይነር መድረኩን መጀመሪያ በካርቶን ትሠራዋለች፣ ከእውነተኛው 25 እጅ አሳንሳ። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ተዋናይ 7 ሴንቲ ይሆናል፤ ወንበሩ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ይሄ ሁሉ የሚሠራው የእኛ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙጫው፣ ምላጩ፣ ቀለሙ ተዘርግቶ እኛ እራታችንን ሶፋ ላይ እንበላለን። አባቷ አንድ ቀን ሳያይ መሶቡን ሲያስቀምጥ የአንድ ንጉሥ ዙፋን ደፈጠጠ። እስካሁን ይነሳበታል።

ተመርቃ እንደወጣች አንድ ቲያትር ቤት ጠራት። ደስ አለን። ደሞዝ ግን የለም፤ ትራንስፖርትና ምሳ ብቻ። “ልምድ ታገኛለሽ” ተባለች። እኔ የአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ሰዓት ሳይከፈለኝ ቢያልፍ ኤጀንሲው ጋ እደውላለሁ። ስለዚህ፣ “ይሄ ሕጋዊ ነው?” አልኳት።

ነገሩ ጠማማ ነው። ዝቅተኛ የደሞዝ ሕግ እዚህ በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ አለ፣ በተግባር ሥራ የሚሠራ ተለማማጅም ክፍያ ይገባዋል። ግን ቆሞ የሚያይ ብቻ ከሆነ አይከፈለውም። ለኮርሱ ግዴታ የሆነ፣ ከ1 ዓመት ያልበለጠ የተማሪ ልምምድም አይከፈልበትም። የበጎ አድራጎት ድርጅት በጎ ፈቃደኛም እንደዚሁ። ብዙ የእንግሊዝ ቲያትሮች ደግሞ የተመዘገቡት በበጎ አድራጎት ነው። ቀሪውን አስቡት።

አብራት የገባች ልጅ ነበረች፣ ወላጆቿ ፍላት ገዝተውላት የምትኖር። ክፉ እንዳትመስላችሁ፤ ጨዋ ናት፣ ጎበዝም ናት፣ ለልጄ ጥሩ መቁረጫ የሰጠቻት እሷ ናት። ግን አመሻሽ ላይ “ነገ በጠዋት መምጣት የሚችል?” ሲባል እጇን ታወጣለች። የእኔዋ ጠዋት ካፌ ቡና ትቀዳለች። እንግዲህ አለቃው የማንን ስም ያስታውሳል?

የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ ልጄ ናት ያሳየችኝ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ አንድ ጥናት በሙዚቃ፣ በመድረክና በሥዕል ሥራ ከተሰማሩት ውስጥ ከሠራተኛው መደብ ቤተሰብ የመጡት 18 በመቶ ገደማ ናቸው ይላል። የትምህርት ዕድል እኩልነትን የሚያጠናው ሰተን ትረስት የሚባል ድርጅት በ2016 እንዳወጣው ደግሞ ኦስካር ካገኙ እንግሊዛውያን ተዋናዮች 67 በመቶው ከፍሎ መማሪያ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ከአገሩ ሕዝብ እንዲያ የተማረው 7 በመቶ ያህል ነው። ሌላው ሰው ተሰጥኦ ጎደለው?

የኛው አፈወርቅ ተክሌ እንኳ በፈረንጆቹ 1947 እዚህ አገር የመጣው፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የማዕድን ምህንድስና ተማር ብሎ ልኮት ነው። ሥዕሉ አሸነፈውና ስሌድ የሚባለው የለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። የላከው ባይኖርስ?

ልጄን የላካት እቁብ ነው። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እንጥላለን። ዕጣው የወጣው ለጓደኛዬ ነበር፣ ለልጇ ሰርግ ያሰበችው። ችግሬን ስነግራት፣ “ሰርጉ ገና ነው፣ አንቺ ውሰጂው” ብላ ለወጠችኝ። በዚያ ብር ልጄ የካፌውን ሰዓት ቀነሰች፣ ቲያትር ቤቱ በተጠራች ጊዜ ሁሉ ተገኘች። በመጨረሻ ለሌላ ትርዒት ረዳት አድርገው ወሰዷት፣ አሁን በክፍያ። እኔ ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። እቁብ የሌለው ቤት ያደገ ልጅስ? ከዚህ በፊት ስንቱ ጎበዝ ካፌው ውስጥ ቀርቷል?

በቅርቡ ደግሞ የራሷን ውል ፈርማለች። ክፍያው በሦስት ይመጣል፤ ሲሶው ሲፈረም፣ ሲሶው ሞዴሉ ሲቀርብ፣ የቀረው ትርዒቱ ሲከፈት። አከራይ ግን ሲሶ አያውቅም። የመጀመሪያው ገብቷል፣ ጠረጴዛችን እንደገና ተወርሷል። እቁባችን ሊያልቅ ነው፤ አዲሱ ሲጀመር በሁለት ዕጣ ልግባ እያልኩ ነው፣ ምክንያቱም ታናሽ ወንድሟ ፊልም ሠሪ ነኝ ማለት ጀምሯል።